ካልታሰረ አይፈታም

የማን ታጣቂዎች እንደነበሩ አትጠይቁኝ፣ አልናገርም። በእኛ አገር ጠመንጃ ያነሳ ሁሉ «የሕዝብ ልጅ ነኝ» ነው የሚለው፤ ሕዝቡ ግን ወለድኩት ብሎ አያውቅም። ሁሉም በሐይቅ አልፏል፣ ሁሉም ዓሣዬን በልቷል፣ ሁሉም «እግዜር ይስጥሽ እናቴ» ብሎኝ ሄዷል። እናቴ! ከእኔ የሚበልጥ ጢማም እኮ ነው እናቴ የሚለኝ።

ሰሚሃ እባላለሁ። ጅዳ ሰው ቤት ስሠራ ኖሬ ተመለስኩና ሐይቁ ዳር ዓሣ እየጠበስኩ እሸጣለሁ። ባሌ ዑበይዱላህ እዚያው ጅዳ ቀርቷል፤ መኪና ይነዳል። ታናሽ ወንድሜ ሙሀይሚን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚያስተምረው፤ ምርምሩ በእርሾ ላይ ነው። እውነቴን ነው፣ ሰው ዳቦ በሚጋግርበት እርሾ። እናታችን መጀመሪያ የሰማች ዕለት «ይኸን ሁሉ ዘመን ያስተማርኩት ለሊጥ ነው?» ብላ አልቅሳለች።

መብራት ጠፍቶ ትምህርት ሲዘጋ እርሾውን በበረዶ ሳጥን ይዞ እኔ ዘንድ መጣ። የእኔ የዓሣ ማቀዝቀዣ በጄኔሬተር ይሠራል። ጣት የሚያካክሉ ብልቃጦቹን ከቆሮሶ ዓሣው ጎን ደረደራቸው።

«ሙሂ፣ እርሾህ ዓሣ ዓሣ ቢሸት በኋላ እኔን እንዳትል» አልኩት።

«አብሽሪ እትዬ፣ እርሾ አፍንጫ የለውም» አለኝ። እንዲህ ነው እሱ፤ ብትቀልዱበትም በቁም ነገር ነው የሚመልስላችሁ።

አንድ አመል ነበረው፤ ያ አመል ነው ጉድ የሠራን። ተማሪዎቹ በእንግሊዝኛ ይሸመድዱታል እንጂ አይገባቸውም ብሎ፣ ትምህርቱን ሁሉ በአማርኛ ካልተናገርኩ ይላል። ኢንተርኔት ሲከፈት የሚልክላቸውን እያወራ ስልኩ ላይ ይቀዳ ነበር። እኔ ዓሣ ስበልት እሱ ጎኔ ተቀምጦ ይቀዳል። ሳልወድ በግዴ ተማርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእያንዳንዷ የእርሾ ቅንጣት ውስጥ አር ኤን ኤ የሚባል ክር አለ። ክሩ ይተበተባል። ሄሊኬዝ የምትባል ኤንዛይም ደግሞ አለች፤ ሥራዋ የተተበተበውን መፍታት ነው። ግን ዝም ብላ አትፈታም። ሁለት መንጋጋ አላት። ኤቲፒ የሚባለው ነገር መጥቶ በመንጋጋዎቿ መሀል ሲታሰር ግጥም ይላሉ፤ ያኔ ክሩን ጨምድዳ ትይዝና አጣማ ትለያየዋለች። ቀጥሎ ኤቲፒው ይሰበራል፤ ሲሰበር መንጋጋዋ ይላላል፣ ክሩን ትለቃለች። ሙሂ ያገኘው እርሾ ግን ጉደኛ ነበር። የሱ ኤንዛይም ኤቲፒውን ታስራለች፣ መስበር ግን አትችልም፤ ስለዚህ አንዴ የያዘችውን ክር እስከ ወዲያኛው አትለቅም፣ እርሾውም ማደጉን ያቆማል። ኤቲፒ የሚመስል ግን የማይሰበር አስመሳይ ቢሰጧትም ያው ነው። ለምን እንደማትሰብር ደርሶበት ሊጽፈው ነበር። ያ እርሾ ደግሞ ሌላ ቦታ የለም፣ ያለው እነዚያ ብልቃጦች ውስጥ ብቻ ነው።

ታዲያ የጄኔሬተሩ ነዳጅ አለቀ። ውጫሌ አንድ ክሊኒክ በፀሐይ የሚሠራ ማቀዝቀዣ አለው ተባለ። ወንድ ልጅ ብቻውን ሲሄድ ይያዛል፣ ሴት አብራው ካለች ግን ያሳልፉታል ብዬ እኔም ተነሳሁ። የሹፌር ሙላት ሚኒባስ ላይ ተሳፈርን። ሙሂ የበረዶ ሳጥኑን እንደ ሕፃን ታቅፎታል።

የአምባሰልን አቀበት ገና ስንጀምር መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል። «ውረዱ! ስልካችሁን አውጡ!» አሉ። ወረድን። አንዱ ታጣቂ የሙሂን ስልክ ተቀብሎ ነካ ነካ አደረገና የተቀዳውን ከፈተ። የወንድሜ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ።

«ልጆች፣ አስተውሉ። ኤቲፒ ካልታሰረ አይፈታም። ከታሰረ በኋላ ደግሞ ካልተሰበረ አይለቅም። የማይሰበረውን አስመሳይ ያሰራችሁ እንደሆነ ግን ጨምድዶ ይዞ ይቀራል፤ ያኔ ሥራው ሁሉ ይቆማል።»

ታጣቂው ደግሞ ከፍቶ ሰማው። ጓደኞቹን ጠራና ለነሱም አሰማቸው። እኔ እዚያው ቆሜ ለመጀመሪያ ጊዜ በነሱ ጆሮ ሰማሁት። ያ አላህ!

ከመንገዱ ዳር ወዳለ ባዶ የእህል መጋዘን እየነዱ ወሰዱን። ሙላትንና ተሳፋሪዎቹን ውጭ አስቀመጧቸው። ውስጥ ከኛ በፊት የተያዘ አንድ ጎልማሳ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፣ ፊቱ አብጦ ዓይኑ አይታይም። አለቃቸው ጥይት ሳጥን ላይ ተቀምጦ ጥርሱን በመፋቂያ ይፍቃል። ቀጭን ነው፣ አይጮህም። የማይጮህ ሰው እፈራለሁ።

«ኤቲፒ ማነው?» አለ።

«ሰው አይደለም። የኃይል ምንጭ ነው» አለ ሙሂ።

በልቤ «ሙሂ፣ ባላህ፣ ሌላ ቃል ፈልግ» አልኩ።

«የየትኛው ኃይል?»

«የሕዋስ።»

«ሕዋሱ የት ነው ያለው?»

«የትም አለ። በእርሾው ውስጥ አለ፣ በሰው ውስጥ አለ። እናንተም ውስጥ አለ።»

ባለመፋቂያው ዞር ብሎ የራሱን ሰዎች አንድ በአንድ አያቸው። «እኛ ውስጥም ሕዋስ አላችሁ?» አለ ቀስ ብሎ። ከኋላ የቆመው በጠመንጃው ሰደፍ የሙሂን አፍ መታው። ጥርሱ ሲረግፍ ሰማሁት፤ ወላሂ ሰማሁት። ወንድሜ በግንባሩ ተደፋ፣ ደሙ በአቧራው ላይ ሄደ።

አንደኛው የበረዶ ሳጥኑን ከፍቶ ገለበጠው። ብልቃጦቹ መሬት ላይ ተበተኑ። ሙሂ በዚያ ሁኔታው እየዳኸ «አትርገጡት! በናታችሁ አትርገጡት!» ብሎ በእጁ ሊሰበስባቸው ሞከረ። ይኸን ሲያዩ ጥርጣሬያቸው ተረጋገጠ። ብልቃጦቹንም እጁንም አብረው ረገጡት። ሁለት ሰዎች ጎትተው አነሱትና የፊጥኝ አሰሩት፤ ክርኖቹ ከኋላው እስኪነካኩ፣ ደረቱ ተገትሮ እስኪወጣ ድረስ።

ባለመፋቂያው ተነሳ። «በል መምህር» አለ። «ይኸው ታሰረ። ከታሰረ በኋላ ምንድን ነው ያልከው?»

ሙሂ መሬት ላይ የደቀቁትን ብልቃጦች ያያል።

«ለልጆችህ ያስተማርከውን ለኛ ትከለክላለህ? ከታሰረ በኋላ?»

«ካልተሰበረ… አይለቅም» አለ ወንድሜ፣ ደሙን እየተፋ።

«አየህ፣ እኔም ተማሪህ ነኝ» አለ። እጁን ከነገመዱ ወደ ጥይት ሳጥኑ ጠርዝ ጎትቶ አስደገፈውና እሱው ራሱ በሰደፍ መታው። አንድ ጣት። ሙሂ የጮኸውን ጩኸት ከዚያ በፊት ከሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም። እኔም ጮህኩ፣ አንዱ በጥፊ አጮለኝ። «ኤቲፒ ማነው?» «ኑክሊዮታይድ ነው!» ሁለተኛ ጣት። ሱብሃነላህ፣ ይኸ ልጅ እውነት ብቻ ነው የሚያውቀው! እየሰበሩትም ያስተምራቸዋል! ተናደድኩበት፣ ከነሱ ይልቅ በሱ ተናደድኩ።

ያን ጊዜ ባለመፋቂያው ግድግዳውን ወደተደገፈው ጎልማሳ በአገጩ ጠቆመ። አነሱት። «ምንም አላውቅም፣ ልጆች አሉኝ» እያለ ከመጋዘኑ ጀርባ ወሰዱት። ተኩስ ተሰማ። የወሰዱት ሰዎች ብቻቸውን ተመለሱ፣ አንደኛው ጫማውን በሣር ይጠርጋል።

«አሁን ያንተ ተራ ነው» አለ ባለመፋቂያው ለወንድሜ። «ኤቲፒ ማን እንደሆነ፣ ማን አስሮ ማን እንደሚፈታው ትነግረኛለህ፤ አለዚያ እሱ ጎን ትተኛለህ።»

እውነቱን ቢነግረው ይሞታል። እውነቱን ነግሮታል፣ ይኸው። እዚያ ቤት ውስጥ ታሰረና ተፈታ የሚሉትን ቃላት እንደነሱ የሚሰማ እንጂ እንደ ወንድሜ የሚሰማ ሰው የለም። እኔ ግን እንደኔ ሰማኋቸው። ሴት ነኝ፤ መፈታት ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ዘልዬ ተነሳሁና ሙሂን በዚያ በተሰባበረ አፉ ላይ በጥፊ አጮልኩት።

«አንተ ወራዳ!» አልኩ። «ገመናዬን እየሸፈንክ ልትሞትልኝ ነው? ማን ሙትልኝ አለህ? ንገራቸው! ኤቲፒ ባሌ ነው በላቸው!»

ሙሂ በአንድ ዓይኑ አየኝ፣ አንደኛው ተደፍኗል። በጌታዬ ስም፣ ያን ዓይን ለማናገር ያልጣርኩት የለም።

ወደ ባለመፋቂያው ዞርኩ። «ባሌ ጅዳ ነው ያለው። አልፈታም ብሎ አንጠልጥሎ ይዞኛል። በስሙ ብንጠራው እናቴ ትሰማለች፣ እንደ ልጇ ነው የምትወደው፤ ኤቲፒ እያልን ነው የምናማው። እዚያ አገር ካልታሰረ አይፈታኝም፣ ቢታሰርም ቅስሙ ካልተሰበረ አይለቀኝም። ይኸንን ነው ለአጎቶቼ ልጆች የቀዳላቸው። ይኸው አወቃችሁት! የሴት ገመና ሰማችሁ! ደስ አላችሁ?»

«እውነት ነው?» አለው ወንድሜን።

ሙሂ ስለዚያች ኤንዛይም በሕይወቱ ሐሰት ተናግሮ አያውቅም። ተማሪ ሲሳሳት እንኳ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ነው። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። «አዎ» አለ። «ባሏ ነው።» አለቀሰ። ሰዎቹ በሐፍረት መሰላቸው።

ባለመፋቂያው ግን ቂል አልነበረም። ፈገግ አለ። «ደግ» አለ። «እኛም የሕዝብ ልጆች ነን፣ እንገላግልሻለን። ደውይለት። ሁላችንም እየሰማን ይፍታሽ። እሱ ከፈታሽ እኔም ወንድምሽን እፈታዋለሁ። አልፈታም ካለ፣ ወይም ነገሩን አላውቅም ካለ፣ ሁለታችሁም ውሸታሞች ናችሁ።»

ስልኬን አስይዞኝ አንዱን የጠመንጃውን አፈሙዝ በሙሂ ማጅራት ላይ እንዲያደርግ አዘዘው።

ለዑበይዱላህ ሚስኮል ነው የማደርግለት፣ ሁልጊዜ። እሱ መኪናውን አቁሞም ቢሆን ወዲያው ይደውላል። በስንት ዓመት አንድ ቀን ዘግይቶ አያውቅም። ያን ዕለት እንዲዘገይ ለመንኩ፣ እንዲፈጥንም ለመንኩ። ወዲያው ደወለ። ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«አሰላሙ ዓለይኩም ሰሚዬ! የኔ…»

«ዑበይዱላህ፣ ፍታኝ» አልኩ ሳይጨርስ።

ሳቀ። ጀማው ሁሉ ሳቁን ሰማ። «ዛሬ ደግሞ ምን አጠፋሁ? ሽቶው አልደረሰሽም እንዴ?»

«አልቀለድኩም። የፍቺውን ቃል ሦስቱንም በለኝና ገላግለኝ።»

«ሰሚ፣ አሞሻል? ማን አስቀየመሽ? እናቴ ናት? እኔ እደውልላታለሁ፣ አብሽሪ ብቻ፣ ውዴ…»

ባለመፋቂያው ቅንድቡን አነሳ። ውዴ የሚል ባል አንጠልጥሎ የያዘ ባል አይመስልም። የጠመንጃው ቃታ ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ ሙሂ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከንፈሩ ሸሃዳ ይላል።

ዑበይዱላህን ምን እንደሚሰብረው በዓለም ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ልጅ አልወለድንም። ጅዳ ሐኪም ቤት ሄደን ተመረመርን፤ ውጤቱ የተነገረ ዕለት እሱ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ሲዞር ሐኪሙ ለእኔ ለብቻዬ ነገረኝ። ከሱ ነው፣ ተስፋ የለውም አለኝ። ወጣሁና «ከእኔ ነው» አልኩት። እዚያው መንገድ ላይ አቅፎኝ «አላህ ያውቃል፣ አንቺ ትበቂኛለሽ» አለኝ። እናቱ ከዚያ ወዲህ በቅሎ ትለኛለች። ችዬው ኖሬያለሁ፤ አልከበደኝም፣ ስለምወደው።

«ስማኝ» አልኩት። «መካኑ አንተ ነህ። ሐኪሙ የነገረኝ ስላንተ ነው። እናትህ በቅሎ ስትለኝ ያንተን ስም ነው የጠራችኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ነውርህን ተሸከምኩልህ፣ ሰለቸኝ። እኔ መውለድ እችላለሁ። ወንድ ያገባኛል፣ እወልዳለሁ። ወንድ ከሆንክ አሁኑኑ ፍታኝ!»

ከስልኩ ውስጥ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። ታጣቂዎቹ እንኳ መሬት መሬት ያያሉ።

«እዚያ ሰው አለ?» አለ በመጨረሻ።

«አለ። ይስሙ።»

«ፈትቼሻለሁ» አለ። ትንፋሹን ሳበ። «ፈትቼሻለሁ። ፈትቼሻለሁ።» ዘጋው።

አንዱ ሳቀ፣ አንዱ «እንዴት ያለች ከይሲ ናት!» አለ። ባለመፋቂያው መፋቂያውን ተፋና «ፍቱት» አለ። ገመዱን ሲቆርጡለት የሙሂ ክንዶች ወደፊት አልመጣ ብለው እንደታሰሩ ከኋላው ቀሩ። እኔ ነኝ በግድ ያመጣኋቸው፣ እየጮኸ።

ሙላት ሳይጠሩት ሚኒባሱን አዙሮ ቆሞ ነበር። ከመጋዘኑ ጀርባ የወደቀው ጎልማሳ እግር ከሣሩ ወጥቶ ይታያል፤ አንድ ጫማ ብቻ ነው ያደረገው። ሙሂ ራሱን ጭኔ ላይ አድርጎ ሐይቅ እስክንደርስ «እትዬ፣ ምን አደረግሽ? ምን አደረግሽ?» ይለኛል።

«ዝም በል፣ ዝም አይነቅዝም» አልኩት። የተረፉት ጥርሶቹ ይንቀጫቀጫሉ።

እርሾው አለቀ፣ አንድም ብልቃጥ አልተረፈም። ጣቶቹ ተጣመው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ሲያስተምር በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ ተማሪዎቹ ጨካኝ ሆነ ይሉታል አሉ። እኔ ዓሣዬን እጠብሳለሁ። ዑበይዱላህ ስልኩን ዘጋ። ሚስኮል ባደርግ፣ ሌላ ሰው ባስደውል፣ የለም።

ሙሂ እጁ ሲሻለው ሸህ ኸሚስን ይዞ መጣ፤ እኒህ ሸህ የሰፈራችን አዛውንት ናቸው። የሆነውን ሁሉ ሰሙ። ሲሰሙ ጺማቸው በእንባ ራሰ። «ጠመንጃ ተደግኖባት ነው የጠየቀችው፣ እሱም የሆነውን ሳያውቅ ነው የተናገረው» አሉ። «መንገድ አለው። ባልየው ይምጣና እንቀመጣለን፣ ኢንሻአላህ ትዳራችሁ ይመለሳል።» ሙሂ ጅዳ ባለ ጓደኛው በኩል መልእክት ላከ፤ መጋዘኑን፣ ጣቱን፣ ማጅራቱ ላይ የነበረውን አፈሙዝ፣ ሁሉንም።

ትናንት ከዙሁር ሶላት በኋላ ደወለ። ዓሣ እየበለትኩ ነበር፤ እጄን ሳልታጠብ አነሳሁት።

«ሙሀይሚን ነገረኝ» አለ። ድምፁ ተሰባብሯል። «ወንድምሽን ነው ያተረፍሽው። እኔም ብሆን አደርገዋለሁ። ሰሚ፣ ባላህ አፉ በይኝ፣ ሳልጠይቅሽ፣ ሳልመረምር…»

«አንተ ነህ አፉ ልትለኝ የሚገባህ» አልኩ። እንባዬ ዓሣው ላይ ይንጠባጠባል።

«ትኬት ቆርጫለሁ፣ መጥቼ ሸሆቹ ዘንድ እንቀመጣለን። ግን አንድ ነገር ብቻ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ያ ስለ ሐኪሙ ያልሽው። እሱንም ለነሱ ብለሽ የፈጠርሽው ነው አይደል?»

«አዎ» አልኩ ቶሎ ብዬ። «የፈጠርኩት ነው።»

«አልሐምዱሊላህ። አውቄ ነበር፣ ልቤ ነግሮኝ ነበር።» ትንሽ ሳቀ፣ እንደ ድሮው። «በይ እስቲ ወላሂ በይኝ። አንዴ ብቻ። ወላሂ በይኝና ልቤ ይረፍ።»

ጠመንጃ ለያዘ ሰው ዋሽቻለሁ። አልጸጸትም፣ ነገም እዋሻለሁ። ወላሂ ብዬ ግን በሐሰት ምዬ አላውቅም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ አፌን ከፈትኩ።

«ሰሚ?» አለኝ። «በይ እንጂ።»